ሁለተኛውን ጎማ ማን ይገዛል? በወሎ የአካባቢ መሥራቾች ሥራ የሚጸናበትና የሚፈርስበት ቦታ

ከኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወጥቶ፣ ደሴን አቋርጦ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ በኩል ወልድያ የሚገባው አስፋልት ዳር የፕሮጀክት ታፔላ አይጠፋም። የለጋሹ ስም አለበት፤ የአስፈጻሚው ስም አለበት፤ የተጀመረበትና የሚጠናቀቅበት ዓመት አለበት። አንድ ነገር ግን ተጽፎ አይገኝም፦ ከማጠናቀቂያው ዓመት በኋላ የፓምፑን ጎማ፣ የቀፎውን ሰም፣ የስፌት መኪናውን መርፌ የሚገዛው ማን እንደሆነ።

ጥያቄው ድሮም ነበረ። ከ2016 ማብቂያ ወዲህ ግን የሚሸሹት አልሆነም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ፤ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫም አብሮት ወጣ። በጥር 2017 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም በዚያ ገንዘብ ይንቀሳቀሱ የነበሩ ድርጅቶች ሠራተኛ በተኑ፣ መኪና አቆሙ። ወሎ ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረሀብ ወዲህ የረድኤት ድርጅት ታፔላ ያልተለየው አገር ስለሆነ ክፍተቱ እዚህ ጎልቶ ይታያል። በ2014 ጦርነት ማሽኑና መጋዘኑ የተዘረፈበት፣ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮም መንገዱ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ የሚሆንበት አካባቢ መሆኑ ሲጨመርበት፣ ሸክሙ ማን ላይ እንደወደቀ ግልጽ ነው።

የወደቀው የአካባቢው ሰው ላይ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ አነስተኛ ድርጅት የከፈተ ወጣት፣ ጡረታ ወጥቶ በጎ አድራጎት ያቋቋመ መምህር፣ ከጅዳ ወይም ከቤይሩት ተመልሳ የሰፈሯን ሴቶች ያደራጀች ልጅ፣ በቴሌግራም ተሰባስቦ የቀዬውን ትምህርት ቤት ጣራ የሚያለብስ የአገር ልጅ። የእነዚህን ሰዎች ሥራ ማድነቅ ቀላል ነው። የሚከብደው የትኛው ሥራ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ እንደሚቀጥል ከወዲሁ ማወቁ ነው። የምንለው ይህ ነው፦ መዋጮ መሰብሰብ የቅሬ፣ ማለትም የቀዬው መረዳጃ ማኅበር፣ ሙያ ነው፣ መግዛትና መሸጥ የነጋዴ ሙያ ነው፤ መሥራቹ ሁለቱን ራሱ ልሥራ ሲል ወይም አንዱን ወደ ሌላው ሲቀላቅል ሥራው ይፈርሳል።

ከቅሬ እንጀምር። በከተማ የምናውቀው ዕድር ሰው ፈልጎ የሚገባበት፣ በወርኃዊ ገንዘብ የሚቆም ማኅበር ነው። የወሎ ገጠር ቅሬ ግን የቀዬ ነው። በዚያ ቀዬ የተቀመጠ ቤት ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ቅሬተኛ ነው። ቅሬ መቃብር ይቆፍራል፣ ለቅሶ ቤት እንጨትና ውሃ ያደርሳል፣ የጠፋ ከብት ይፈልጋል፣ የተጣላ ያስታርቃል። የቀረ ይቀጣል፤ ከቅሬ መውጣት ደግሞ ሬሳን ብቻን መሸከም ማለት ስለሆነ ቅጣቱን እምቢ የሚል ጥቂት ነው። ፕሮጀክት በየመንደሩ አዲስ ኮሚቴ ሲያቋቁም ሊፈጥረው የሚሞክረው ይህንኑ ሥልጣን ነው፤ በሦስት ቀን ሥልጠናና በውሎ አበል ግን አይፈጠርም።

ስለዚህ ውሃ ይሁን የትምህርት ቤት ምገባ ወይም የመንገድ ጥገና፣ ከቤት ወደ ቤት መዋጮ የሚፈልግ ነገር ካለ መሥራቹ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ቅሬው ዳኞች ነው። አካሄዱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፣ የቀብር ገንዘብ አማና ነው፤ አይነካም። ለውሃው ወይም ለሥራው ሌላ ሣጥን፣ ሌላ መዝገብ ይከፈታል። ነገሮች ከሚበላሹባቸው መንገዶች ዋነኛው «ለጊዜው ከቅሬው እንበደርና እንመልሳለን» የሚለው ነው። በዚያው ሳምንት ሰው ሲሞትና ሣጥኑ ባዶ ሲገኝ፣ ለፕሮጀክቱ ቀርቶ ለመሥራቹም ሰላምታ የሚሰጥ አይገኝም። ሁለተኛ፣ የቅሬ ሸንጎ በአብዛኛው የወንዶች ነው፤ ውሃ የምትቀዳው፣ ፓምፑ የተበላሸ ዕለት ሁለት ሰዓት የምትሄደው ደግሞ ሴቷ ናት። መዋጮውን ቅሬው ቢያውጅም ገንዘብ ያዥነቱና የፓምፑ ቁልፍ ሴቶች ዘንድ ሲሆን ብልሽቱ በዕለቱ ይነገራል። ሦስተኛ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ሕጉ ዕድርና ዕቁብን አይመለከትም፤ ቅሬን እንደ ድርጅት አስመዝግቦ ማኅተም ማስያዝ ግዴታ አይደለም፤ ባይደረግም ይሻላል። ማኅተም ያለው ቅሬ ብዙም ሳይቆይ የወረዳ ስብሰባ መጥሪያ ይደርሰዋል።

አሁን ወደ ጎማው። በገጠር ወሎ በብዛት የሚታየው የእጅ ፓምፕ አፍሪዴቭ የሚባለው ነው። እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ይስባል፤ የታሰበው ለ300 ሰው ገደማ ነው። የተሠራው የመንደር ሰው እንዲጠግነው ተብሎ ነው፦ ፒስተኑም የታችኛው ቫልቭም የፕላስቲክ ቧንቧው ሳይነቀል በላይ በኩል ተስበው ይወጣሉ። ዘንጎቹ በመንጠቆ ስለሚያያዙ በእጅ ይፈታሉ። የሚያስፈልገው አንድ የብሎን መፍቻና ቫልቩን ከታች የሚይዝ መንጠቂያ ነው። ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል።

የሚያልቁት ክፍሎች ጥቂት ናቸው፦ የፒስተኑ ጎማ፣ የቫልቭ ላስቲኮች፣ የታችኛው ቫልቭ ኦ-ሪንግ፣ ማለትም ክብ የላስቲክ ማሸጊያ፣ እና እጀታው የሚዞርባቸው የፕላስቲክ ቡሾች። የፒስተኑ ጎማ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ባይበላሽም፣ መቀየር አለበት። ምርመራውም መሣሪያ አይፈልግም። ፓምፑን ውሃ እስኪፈስ መትቶ ለ30 ደቂቃ መተው፤ ተመልሶ ሲመታ ከአምስት ሙሉ ምት በላይ ከፈለገ ከታች በኩል ያፈሳል፣ የቫልቩ ኦ-ሪንግ ወይም የቧንቧው መጋጠሚያ ሄዷል። በደቂቃ 40 ሙሉ ምት ተመትቶ 10 ሊትር፣ ማለትም የ20 ሊትር ጀሪካን ግማሽ፣ ካልሞላ የፒስተኑ ጎማ ተበልቷል። እጀታው ወደ ጎን ከተወዛወዘ ቡሹ ነው። ቡሹን ችላ ያለ መንደር ከርሞ የሚገዛው ቡሽ አይሆንም፤ የተበላ ዘንግና የተቀደደ ቧንቧ ይሆናል፤ የዋጋው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

ታዲያ ጎማው ትንሽ፣ ሥራው ቀላል ከሆነ ፓምፑ ለምን ቆሞ ይቀራል? መልሱ ሱቅ ውስጥ ነው። አንድ ወረዳ ላይ 40 ፓምፕ አለ እንበል። በዓመት የሚሸጠው የፒስተን ጎማ 40 ነው። በዓመት 40 ጎማ ለመሸጥ መደርደሪያ የሚይዝ ነጋዴ የለም፤ ቢኖርም የወረዳው ጽሕፈት ቤት ወይም አንዱ ድርጅት በመሀል መጥቶ ጎማውን በነፃ ሲያድል የያዘው ዕቃ እጁ ላይ ይቀራል። ነፃው ጎማ አንድ ዓመት ይሠራል፤ ሱቁን ግን ለሁልጊዜው ይዘጋዋል። በጎ አድራጊው መለዋወጫ ማደል ካማረው ቢያንስ ከዚያው ሱቅ ገዝቶ ይስጥ።

የሚያዋጣው አሠራር ሁለት ነገር ያጣምራል። ሱቁ ጎማውን ለብቻው አይነግድም፤ ከቧንቧ፣ ከቦኖ፣ ከመስኖ ፕላስቲክ፣ ከጀሪካን ጋር ያስቀምጠዋል፤ ገቢው ከእነዚያ ነው። ሌላው፣ የሠለጠነ ጠጋኝ ከ20 እስከ 30 ከሚሆኑ ቅሬዎች ጋር ዓመታዊ ውል ይገባል። ውሉ «በተበላሸ ቁጥር ይከፈላል» ከሆነ ጠጋኙ ብልሽት ይወዳል። «በዓመት ሁለት ጊዜ ያያል፣ ውሃ በፈሰሰበት ወር ልክ ይከፈለዋል» ሲባል ግን ጎማውን ሳያልቅ ይቀይራል። ይህ ሰው ነጋዴ ነው፤ ትርፍ ማግኘት አለበት። ትርፉን እንደ ነውር የሚያይ በጎ አድራጎት ጠጋኙን በሁለተኛው ዓመት ለባጃጅ ሥራ ያስረክበዋል።

ሒሳቡን እንየው። 60 ቤት ያለው ቅሬ ከየቤቱ በወር 15 ብር ቢያወጣ በዓመት 10,800 ብር ነው። በወር መልቀም ግን ገንዘብ ያዧን ያደክማል፤ በሦስተኛው ወር ግማሹ ቤት ይቀራል። በዓመት አንድ ጊዜ 180 ብር፣ አዝመራ ሲገባ፣ ይሻላል። እዚህ ላይ ወሎን አለማወቅ ያስቀጣል። የበልግ አብቃይ ደጋው፣ በደሴ ዙሪያ፣ በኩታበርና በለጋምቦ በኩል፣ እህል የሚገባው በሰኔና በሐምሌ ነው። የቆቦ፣ የሐብሩና የባቲ ቆላ ማሽላና ጤፍ የሚሰበስበው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ «መዋጮ በመስከረም» ብሎ መመሪያ የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ያጣቸዋል፤ መስከረም የትምህርት ቤት ወጪ ያለበት፣ ጎተራው ባዶ የሆነበት ወር ነው። በእህል መቀበልም ይቻላል፤ ከየቤቱ አንድ ቁና ገብስ ወይም ማሽላ። በእህል የተቀበለ ግን ነቀዝ ሳይገባው ይሽጠው።

የተሰበሰበው ብር ባንክ ውስጥ ተቀምጦ መጠበቁ ራሱ ኪሳራ መሆኑን የምንዛሪው ለውጥ አሳይቷል። ዛሬ 1,000 ብር የሆነ ከውጭ የሚገባ ክፍል ለከርሞ በዚያ ዋጋ ስለመገኘቱ ማንም ዋስ አይሆንም። ስለዚህ የሁለት ዓመት ጎማና ኦ-ሪንግ አስቀድሞ ገዝቶ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ከቁጠባ ደብተር ይበልጣል። መንገድ በተዘጋ ጊዜም ያድናል። ከዚያ በላይ ማከማቸት ግን አያስፈልግም፤ ጎማ ሲቆይ ይደርቃል።

የንግዱን ወገን ለማየት ማርን እንውሰድ። ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው የሚለውን ትውፊት የማያውቅ ወሎዬ የለም። ከላስታ እስከ ዋግ ያለው ደረቅ ደጋና ወይና ደጋ ዝናቡ ሲያባራ መንተሴ ያብብና ነጭ ማር ይሰጣል። ለወጣት ማኅበራት ዘመናዊ ቀፎ ማደል ለዓመታት የተለመደ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ ከቀፎዎቹ ስንቱ ዛሬ ዶሮ ታቅፎበታል? መልሱን የገጠር ግቢ ያየ ሁሉ ይገምታል።

ምክንያቱ ንቧ አይደለችም። ዘመናዊ ቀፎ ሳጥን ብቻ ነው። ከሳጥኑ ጋር መንጋ፣ ፍሬም፣ በፍሬሙ ላይ የሚለጠፍ የሰም አንሶላ፣ ጭስ ማጨሻ፣ መከላከያ ልብስና ማር ማውጫ ማሽን ያስፈልጋል። አምስት ልጆች 20 ባዶ ቀፎ ሲቀበሉ መንጋውን ከየት ያመጣሉ? ከአባቶቻቸው ባህላዊ ቀፎ ይገለብጣሉ። በአንድ ወር 20 መንጋ ሲገለበጥ ግማሹ ይሰደዳል፤ መንደሩ የነበረውንም ባህላዊ ማር ያጣል። የሚሻለው በመጀመሪያው ዓመት በሁለት ወይም በሦስት ቀፎ ጀምሮ፣ በአበባ ወቅት መንጋ እየከፈሉ መጨመር ነው። ይህ ግን ለሪፖርት አይመችም፤ «20 ቀፎ ተሠራጨ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ያምራል።

በጣም የሚያሳዝነው ብልሽት የሰሙ ነው። ባህላዊ ማር የሚሸጠው ከነሰፈፉ ስለሆነ፣ ሰሙን ጠጅ ቤቱ አንጥሮ ያስቀረዋል። ንብ አናቢው ታዲያ አንሶላ ለመሥራት ሰም ከገበያ ይገዛል። ገበያ ላይ ያለው ሰም ደግሞ ፓራፊን (የሻማ ሰም) ወይም ሞራ ሊቀላቀልበት ይችላል። የተቀላቀለ አንሶላ በቀፎው ሙቀት ይለምጥና ይወድቃል፤ ንቧም የማር እንጀራ ልትሠራበት አትወድም፤ አንዳንዴም ጥላው ትሄዳለች። ልጆቹ «አካባቢው ለንብ አይሆንም» ብለው ይተዋሉ። ንጹሕ ሰም ሲሰበር ስብራቱ ሻካራ ነው፤ በጣት ሲሹት አይቀባም፤ የሚቀልጠው በ62 እና በ65 ዲግሪ መካከል ነው። ፓራፊን ያለበት በጣት መሀል ይንሸራተታል፣ ሞራ ያለበት ይሸታል። መድኃኒቱ ግን ከምርመራው ይልቅ ሰሙን ከቤት አለማስወጣት ነው፦ ማኅበሩ የአባላቱን ሰፈፍ በራሱ እያነጠረ፣ ሰም ማተሚያ በጋራ ገዝቶ አንሶላውን ራሱ ቢያትም ይህ ችግር ይጠፋል። አንድ ማተሚያ ለብዙ ቀበሌ ይበቃል። ለአንድ ጀማሪ ሥራ ፈጣሪም ደህና ንግድ ነው፤ ሰፈፍ ተቀብሎ አንሶላ እየመለሰ የእጁን ይወስዳል።

ሌላው የማር ማውጫው ማሽን ነው። ባህላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ ዘመናዊው በደህና አያያዝ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይሰጣል ይባላል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን ገዢው ማነው? አብዛኛው ማር የሚሄደው ወደ ጠጅ ነው፤ በእስልምና ቤቶችም ብርዝ ይበረዝበታል። ጠጅ ጣይ ድፍድፍ ማር አይጠላም፤ እንዲያውም ይፈልጋል። ስለዚህ ለተጣራ ማር ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍል፣ በደሴና በኮምቦልቻ ያለ ሱቅ፣ ሆቴል ወይም የአዲስ አበባ አከፋፋይ አስቀድሞ ካልተገኘ ማሽኑ ብረት ሆኖ ይቀራል። የተጣራ ማር ገዢም የሚጠይቀው ነገር አለ። የእርጥበት መጠኑ ከ21 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ይፈላል፣ ክዳኑን ይገፋል። ይህን የሚወስነው የቆረጣው ቀን ነው፦ ከፍሬሙ ቢያንስ ሦስት አራተኛው በሰም ሳይታሸግ የተቆረጠ ማር ቀጭን ይሆናል። ገንዘብ የቸገረው ማኅበር ቸኩሎ ይቆርጣል፤ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ሲፈላ ገዢው ይሸሻል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። በርካሽ የሚገኝ የእርጥበት መለኪያ ከሁለት ቀፎ ይጠቅማል።

አረም ማጥፊያና ፀረ-ተባይም አለ። በ2012 እና በ2013 አንበጣው በመጣ ጊዜ የተረጨው መድኃኒት ንብንም አልማረም። ዛሬም ጎረቤት ጤፉን በጠዋት ሲረጭ ንቧ ሥራ ላይ ናት። ይህንን የሚፈታው አሁንም ቅሬ ነው፤ «ከፀሐይ መጥለቅ በፊት አይረጭም፣ ከመርጨት በፊት ለቀፎ ባለቤት ይነገር» የሚል ውሳኔ ከማንም ባለሙያ ምክር ይልቅ ቀዬ ላይ ይሠራል።

የአምስት ሰው ማኅበር ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ወጣቶች ተደራጁ ሲባሉ አምስት ስም ይሞላሉ፤ ሁለቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ሼድ ሲታደል ብቻ ይመጣል፣ ሁለቱ የስም አባል ናቸው። ትርፍ በእኩል ሲካፈል የሠራው ይናደዳል። ከመጀመሪያው ውሎ እንደ ደመወዝ ለሠራው፣ ትርፍ ደግሞ በድርሻ ብሎ መለየት ይህን ጭቅጭቅ ያስቀራል። ለማሽኑም እንደ አባል ድርሻ ሊያዝለት ይገባል። 60,000 ብር የወጣበት ማሽን አምስት ዓመት የሚያገለግል ከሆነ በወር 1,000 ብር የእርጅናው ነው፤ ያ ሳይነሳ የሚካፈሉት «ትርፍ» ማሽኑን እየቆረሱ መብላት ነው።

ብድሩ ሌላ ጣጣ አለው። በወሎ ሙስሊም ወጣቶች ወለድ ስላለበት ብቻ ብድር የሚተው ብዙ ነው፤ የሥራ ዕድል ጽሕፈት ቤቶች ይህንን ብዙ ጊዜ «የፍላጎት ማነስ» ብለው ይመዘግቡታል። ከወለድ ነፃ መስኮት በመደበኛ ባንኮች ከተከፈተ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘምና ሒጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ሥራ ጀምረዋል። ለመሣሪያ ግዢ የሚመቸው ሙራባሃ ነው፦ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ይገዛል፣ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጣል፤ የተዋዋሉበት ዋጋ በመዘግየት አያድግም። የሚያሰናክለው ደረሰኝ ነው። ባንኩ የሚገዛው ሕጋዊ ደረሰኝ ከሚሰጥ ሻጭ ነው፤ የባቲው ሰኞ ገበያ ፍየል ሻጭም ሆነ ቀፎ የሚሠራው የሰፈር አናጢ ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ ሙራባሃ ለማሽንና ለፋብሪካ ዕቃ ይሆናል፤ ለከብት ማድለብ ወይም ለአናጢ ሥራ ሌላ መንገድ መፈለግ ይሻላል። ባንክ ከመሄድ በፊት ከሁለት ወይም ከሦስት ደረሰኝ ካላቸው ሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ መያዝ ሳምንታት ያተርፋል።

የምዝገባውን ጉዳይ ሰዎች ከሚገባው በላይ ይፈሩታል። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከተተካ ወዲህ ነገሩ ቀሏል። በቦርድ የሚመራ አገር በቀል ድርጅት ለመመሥረት ሁለት ሰው ይበቃል። ድርጅቱ ገቢ ለማግኘት ንግድ መሥራት ይችላል፤ ነገር ግን ንግዱ በተለየ ድርጅትና ሒሳብ መያዝ አለበት፣ ትርፉም ለዓላማው እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም። አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላው ገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ለፕሮጀክቱ በቀጥታ የሚሠራ ባለሙያ ደመወዝና ትራንስፖርት ግን እንደ ፕሮግራም ወጪ ይቆጠራል። ይህንን የማያውቁ ጀማሪዎች ሁሉን ደመወዝ አስተዳደር ውስጥ ጽፈው ራሳቸውን ያስከስሳሉ።

የሚከብደው ምን ሆኖ መመዝገብ እንዳለበት መወሰኑ ነው። የሰም ማተሚያው ሰው ነጋዴ ነው፤ ንግድ ፈቃድ ያውጣ። ብቻውን ከሆነ በ2013ቱ የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል፤ ሥራው ሲወድቅ ቤቱ አብሮ አይሸጥበትም። ማራቸውን በጋራ የሚሸጡ 70 አናቢዎች ኅብረት ሥራ ናቸው። የተፈናቀሉ ልጆችን የሚያስተምረው መምህር በጎ አድራጎት ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ነጋዴው እርዳታ ይገኛል ብሎ በጎ አድራጎት ሆኖ ሲመዘገብ፣ ወይም በጎ አድራጊው «ራሳችንን እንቻል» ብሎ ዳቦ ቤት ሲከፍት ነው። ዳቦ ቤት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ዱቄት የሚያየው ባለቤት ይፈልጋል፤ በየሦስት ወሩ የሚሰበሰብ ቦርድ ዳቦ አይጋግርም።

ከውጭ አገር የሚመጣው ገንዘብም በዚሁ መንገድ ይበላሻል። ከሳዑዲና ከሌባኖስ የሚላከው መዋጮ በቴሌግራም ግሩፕ ታውጆ ብዙ ጊዜ የሚገባው በአንድ ሰው የግል ሒሳብ ነው። ሰውየው ታማኝ ቢሆንም እንኳ ሦስት ነገር ያጋጥመዋል፦ ሲሞት ሒሳቡ ወራሽ ይጠይቃል፤ በሒሳቡ ከዐቅሙ በላይ ገንዘብ ሲገባ ባንኩም ገቢዎችም ይጠይቁታል፤ መዋጮው ሲቀንስ ደግሞ ሐሜቱ ይጀምራል። ሦስት ፈራሚ ያለው፣ ከሦስቱ ሁለት ሲፈርሙ የሚያወጣ የጋራ ሒሳብ ለመክፈት የተመዘገበ ድርጅት ወይም ማኅበር ያስፈልጋል። እስኪመዘገብ ድረስ በሁለት ሰው ስም የተከፈተ የጋራ ሒሳብም ከአንድ ሰው ይሻላል። በየወሩ መጨረሻ የሒሳቡን መግለጫ ፎቶ አንስቶ ግሩፑ ላይ መለጠፍ ወጪ የለውም። ላኪዎቹ አብዛኞቹ በቤት ሠራተኝነት የሚደክሙ እህቶች ናቸው፤ ከ«አመሰግናለሁ» መልእክት ይልቅ ያንን ፎቶ ይፈልጉታል።

ፈራሚዎቹን ሲመርጡ ማን ሊሄድ እንደሚችልም ማሰብ ይገባል። በወሎ ወጣት መሥራች ከአገር የመውጣቱ ዕድል ሰፊ ነው፤ በአንድ ሌሊት ጅቡቲ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። የሄደ ፈራሚ ስሙ እስኪነሳ ድረስ ሒሳቡ ይጎተታል፤ ለመለወጥ ደግሞ የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ የአባላት ፊርማና ማኅተም ይጠየቃል። ግማሹ አባል ተበትኖ ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ገንዘቡ እያለ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ገና ሲመሠረት መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ «ፈራሚ ከ60 ቀን በላይ ከአካባቢው ሲርቅ ተተኪው ያለ ጠቅላላ ጉባኤ በሥራ አመራሩ ይሾማል» የሚል አንድ መስመር ይጻፍ፤ የተተኪው ስምና መታወቂያም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባንኩ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።